የአፍንጫ ጠብታው ራሱ ሲደፍን
ስለ ሳይነስ (ከአፍንጫ ጋር የሚገናኙት የፊት አጥንት ክፍተቶች ሲቆጡ የሚመጣ ሕመም) ያነበብሁት ጽሑፍ ሕመሙ የያዘው ሰው ሁሉ ቶሎ አንቲባዮቲክ እንዲጀምር መምከሩን አልቀበለውም፤ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ያለ አንቲባዮቲክ ይሻላል። እኔ እዚህ ጅማ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ ጎንበስ ባልሁ ቁጥር ግንባሬና ጉንጬ እየከበደኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበብሁትን ምክር ይዤ የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ለሦስት ሳምንት ተጠቀምሁ፤ ጠብታውን በዘለልሁ ሌሊት አፍንጫዬ ከበፊቱ ብሶ ስለሚደፈን በአፌ ስተነፍስ አነጋ ነበር። ኋላ ያዩኝ ሐኪም እንዲህ ያለው ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድ ራሱ አፍንጫን እንደሚያፍን አስረዱኝ። (የባሕር ዛፍ እንፋሎትም ታጥኜ ነበር፤ ከማላብ በቀር አልረባኝም።) አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ይረዳ እንደሆነ ለጠየቁት ሌላ አንባቢ፦ ማጠቡ ይረዳል፣ ውሃው ግን ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ሳይሆን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ዓይንዎ አካባቢ ካበጠ ደግሞ 10 ቀን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ይመርመሩ።