ዝም የሚነቅዝበት ጠረጴዛ

የብሪጅ አጋሬ ጋሼ ካርታቸውን ዓይነት ዓይነቱን ለይተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከደቂቃ በፊት በጨረታው "አንድ ኖትራምፕ" ብዬ ብከፍት፣ ቅንድባቸውን እንኳ ሳያነሱ "ሦስት ኖትራምፕ" ብለው ዘለውልኝ ነበር። በእኛ ስምምነት ይህ "ቢያንስ 10 ነጥብ አለኝ፣ አይዞህ" ማለት ነው። ኤስ አራት፣ ንጉሥ ሦስት፣ ንግሥት ሁለት፣ ጃክ አንድ እያልኩ ቆጠርኩ። ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም ሰባት። ዘጠኝ ትሪክ (አራታችንም አንድ አንድ ካርታ የምንጥልበት ዙር) እበላለሁ ብዬ የተዋዋልኩት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ከእንግዲህ ሥራ የላቸውም። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ባላጋሮቻችን ፊቴን እንደ ጋዜጣ ያነቡታል።

"አመሰግናለሁ ጋሼ" አልኳቸው።

ጨዋ ሆኜ አይደለም። ብሪጅ ላይ አጋርህ የዘረጋው ካርታ ምንም ይሁን ምን ታመሰግናለህ። ደስ ሲልህ ብቻ ብታመሰግን፣ ዝም ያልክ ቀን ባላጋራህ ውሉ እንደማይሞላ ያውቅብሃል። ስለዚህ ድንቅ እጅም ሲመጣልህ፣ ይህን የመሰለ ጉድም ሲዘረጋብህ ምስጋናው ያው፣ ድምፁም ያው መሆን አለበት። ቃሉን የለመድኩት በአንድ ቀን ነው። ድምፁን ለማስተካከል ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እስከ ዛሬም አንዳንዱ በጥርሴ መሃል አልፎ ነው የሚወጣው።

ብሪጅን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሰው ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት የተያዩት አጋሮች ናቸው። 52 ካርታ ተበውዞ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። በመጀመሪያ ጨረታ አለ፤ ማን ስንት ትሪክ እንደሚበላ፣ የትኛው ዓይነት ካርታ ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚበልጥ፣ እንደሚሆን የሚወሰንበት። ቀጥሎ ጨዋታው ይመጣል። የዛሬውን መልክ ያስያዘው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ሲሆን፣ የነጥብ አሰጣጡን ያሰናዳው በ1925 እ.ኤ.አ. በመርከብ ሲጓዝ ነው። ሥራ የሌለው ሰው መርከብ ላይ ሲቀመጥ ለሌላው ሰው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈጥር ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ጨረታው ላይ ከአጋርህ ጋር የምትነጋገርበት ቋንቋ በጠቅላላው 38 ቃል አለው። ከአንድ እስከ ሰባት (ከስድስት በላይ ስንት ትሪክ እንደምትበላ)፣ በአምስት ዓይነት (ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት፣ ስፔድ፣ ትራምፕ የሌለበት ኖትራምፕ)፣ 35 ጥሪ፤ በዚያ ላይ ፓስ፣ ደብል፣ ሪደብል። "እኔ እንጃ" የለም። "ይመስለኛል" የለም። "አንተ ካልክ ይሁን" ቢኖር ኖሮ የስንቱ ቤት ጠብ በበረደ፤ እሱም የለም። ያለችውንም ቃል በአፍህ አትላትም። ከአጠገብህ ካለች ሣጥን የጥሪዋን ካርድ መዝዘህ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለህ። ሣጥኗ በ1960ዎቹ ከስዊድን የመጣች ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአነጋገር ይፈረዳል። በአፍ ይጠራ በነበረበት ዘመን ጠንከር ብሎ የተባለ "ሁለት ስፔድ" አንድ ነገር ነበር፤ እየተጎተተ፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት አስሮ የመጣው "ሁለት... ስፔድ?" ደግሞ ሌላ። 38ቱን ቃል ሰው በጉሮሮው ብቻ ሦስት መቶ ያደርሳቸዋል።

ቃሉ ማነሱ ሳያንስ፣ የተባለው ሁሉ የተባለውን አይደለም። ጨረታው ቅኔ ነው። አጋርህ በአንድ ኖትራምፕ ከፍቶ አንተ "ሁለት ክለብ" ስትል ሰሙ ክለብ ነው፤ ወርቁ "ከኸርት ወይም ከስፔድ አራት ካርታ ይዘሃል ወይ?" የሚል ጥያቄ ነው። "ሁለት ዳይመንድ" ማለት ኸርት አለኝ፣ "ሁለት ኸርት" ማለት ስፔድ አለኝ ነው። "አራት ኖትራምፕ" ብለህ ኤስ ስንት ይዘሃል ብለህ ትጠይቃለህ፤ "አምስት ዳይመንድ" ብሎ አንድ ይልሃል። እስከዚህ ድረስ የትኛውም ባለቅኔ ይስማማል። ጉዱ የሚመጣው ከዚህ ወዲያ ነው፤ ወርቁን ከባላጋራ መሰወር ክልክል ነው! ጥሪው ከተፈጥሮ ትርጉሙ የወጣ ከሆነ ማስታወቅ፣ ሲጠየቁም መፍታት ግዴታ ነው። የሚፈታውም ባለቅኔው ራሱ አይደለም፤ አጋሩ ነው። ባለቅኔው አጠገቡ ተቀምጦ የገዛ ቅኔውን ፍቺ እንዳልሰማ መሆን አለበት።

አንድ ቀን አምስት ኸርትና አንዲት ብቸኛ ዳይመንድ ይዤ "ሁለት ዳይመንድ" አልኩ። በቀኜ ያሉት ሴትዮ ጋሼን ዞር ብለው "ምን ማለት ነው?" አሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉና በሙሉ እምነት "ዳይመንድ አለው" አሉ። ስምምነታችን ከጭንቅላታቸው ወጥቷል። ደንቡ እንደሚለው ጨረታው እስኪያልቅ ላርማቸው አልችልም። መደንገጥ አልችልም፤ ጉሮሮዬን መጥረግም አልችልም። በሚቀጥለው ጥሪዬም እሳቸው በትክክል እንደፈቱት አድርጌ መቀጠል አለብኝ። በሕይወቴ ፊቴን ያን ያህል አጥብቄ የያዝኩት፣ አንድ አለቃዬ ስብሰባ ላይ የእኔን ሐሳብ የራሱ አድርጎ ሲያቀርብ ብቻ ነው።

አበው ዝም አይነቅዝም ብለዋል። አበው ብሪጅ አልተጫወቱም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዝም ይነቅዛል፣ ይሸታል፣ ዳኛም ያስጠራል። "አንድ ስፔድ" ብዬ ከፈትኩ። በግራዬ ያለው ባላጋራ የ"ስቶፕ" ካርዱን አውጥቶ "አራት ኸርት" አለ። በብዙ ውድድር ባላጋራ በጥሪው ሲዘል ቀጣዩ ተጫዋች አሥር ሰከንድ ያህል መቆየት አለበት፤ የሚያስበው ነገር ባይኖረውም የሚያስብ መምሰል ግዴታው ነው። ከብሪጅ ደንቦች ሁሉ ቀድሜ የቻልኩት ይህንን ነው፤ የቢሮ ሥራ ዓመታት ያለማመደኝ ስለሆነ። ጋሼ አሥሩን ሰከንድ ጨረሱ። ሃያ ሆነ። ካርታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አስተካከሉ። ሠላሳ። ጣታቸው ወደ ሣጥኗ ሄደች፣ ተመለሰች። አርባ ሰከንድ ሲሞላ በረጅሙ ተንፍሰው አረንጓዴዋን የፓስ ካርድ አወጡ።

ፓስ ማለት ምንም የለኝም ነው። አርባ ሰከንድ ተምጦ የተወለደ ፓስ ግን "ነገር አለኝ፣ ልናገረው አልቻልኩም" ነው። ቀጣዩም ፓስ ብሎ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ስድስት የሚያምሩ ስፔዶች ይዣለሁ። ጋሼ ባያምጡም "አራት ስፔድ" እል ነበር፤ እምላለሁ። አልኩ። አሥር ትሪክ በላሁ፤ 420 ነጥብ። ገና ካርታውን ሳንሰበስብ ሴትዮዋ እጃቸውን አነሱ።

"ዳኛ፣ እባክዎ።"

ዳኛ መጥራት ነውር አይደለም፤ ደንቡ ነው። እንዲያውም ስህተት ከተነገረ በኋላ አለመጥራት ነው ስህተቱ። ቢሆንም ለጀማሪ ሰው "ሌባ! ያዙት!" እንደተባለበት ነው የሚሰማው። ዳኛው በትሕትና ጎንበስ ብሎ ጋሼን ቆይተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

"አሰብኩ እንጂ አልቆየሁም" አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ አልሳቁም። ማሰብ አልተከለከለም፤ ጣጣው ማሰብህ መታወቁ ነው። አጋርህ በመቆየቱ የሰማኸው ነገር የተሰረቀ ዕቃ ነው፤ ሌላ ምክንያታዊ መንገድ እያለህ መቆየቱ ወደጠቆመህ መንገድ መሄድ አይፈቀድልህም። ዳኛው ካርታዬን ለአራት ሌሎች ተጫዋቾች አሳይቶ ምን ትሉ ነበር ብሎ ጠየቀ። ሦስቱ ፓስ አሉ። አራተኛው የእኔ ቢጤ ነው። ውጤቱ ወደ ባላጋሮቻችን አራት ኸርት ተመለሰ፤ እሱም በአንድ ትሪክ ይወድቅ ስለነበር 420ው ወደ 50 ወረደ። የጋሼ ሐሳብ 370 ነጥብ አስከፈለን። ያሰቡት ነገር ምን እንደሆነ በኋላ ብጠይቃቸው "አሁን ረሳሁት" አሉኝ።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች የሰውን ልጅ እንደሚያውቁት የምታየው ስለ ምግባር የሚናገረው አንቀጽ ጋ ስትደርስ ነው። የሰው ፊት ላይ አታፍጥጥ ይላል። ተራህ ሳይደርስ ካርታ ነጥለህ አትያዝ፣ ጨዋታው እንዳለቀልህ ለማሳየት ካርታህን አጥፈህ አትቀመጥ፣ የሌላው አጨዋወት ደስ እንዳለህ ወይም እንዳላለህ አታሳይ። ካርታ የሚጣለው ያለ ልዩ አጽንዖት፣ ያለ ጥድፊያ፣ ያለ ማመንታት ነው። ሌላ ቦታ ካርታ የተጫወተ ሰው ይህ ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ይገባዋል። ያሸነፈ ካርታን ጠረጴዛ ላይ በጥፊ ማሳረፍ ካልተቻለ ማሸነፍ ራሱ ምን ይጠቅማል? እዚህ የበላህበትን ካርታ በጀርባው ገልብጠህ ወደ አጋርህ አቅጣጫ ታቆመዋለህ፤ የተበላህበትን ወደ ጎን ታስተኛዋለህ። በመጨረሻ ፊትህ 13 ካርታ ተሰልፎ ስንቱ እንደቆመ፣ ስንቱ እንደተኛ አይተህ ደስታህን በሆድህ ትይዛለህ።

ነገር በዓይን ይገባልና በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ ዓይንም ተዘግቷል። በ1965 ቦነስ አይረስ ላይ ካርታ በሚይዙ ጣቶች ቁጥር መልእክት ተላልፏል የሚል ክስ የብሪጁን ዓለም ለሁለት ከፈለው። በ1975 ቤርሙዳ ላይ ጠረጴዛው በሰያፍ ተጋረደ፤ ተጫዋች የሚያየው አንዱን ባላጋራ ብቻ ነው፤ አጋሩን አያይም። ዓይን ሲዘጋ ነገር በእግር ገባ፤ በዚያው ውድድር ከጠረጴዛ ሥር የጫማ መነካካት ታየና ሌላ ጉድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግርዶሹ እስከ ወለል ወርዷል። እንደ እኛ ባለ ተራ ውድድር መጋረጃ የለም። ለጋሼ ቅንድብ ብቻ አንድ ቢፈቀድልን ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ፍዳ ለጥቂት ደቂቃ የሚያርፈው ዱሚ ነው። ፈረንሳዮች ሟቹ ይሉታል፤ ከእኛ ሁሉ በትክክል የሰየሙት እነሱ ናቸው። ካርታውን ዘርግቶ አጋሩ ያዘዘውን ከማቀበል በቀር ሥራ የለውም። አስተያየት አይሰጥም፣ የሰው ካርታ አያይም፣ ስህተት ቢያይ ጨዋታው እስኪያልቅ ቀድሞ አይናገርም። የተፈቀደለት አጋሩ ደንብ ሊጥስ ሲል ማስቆም፣ የተጠራውን ዓይነት ካርታ ሳይጥል ሲቀር ደግሞ "የለህም ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ጋሼ ይህችን ጥያቄ ይወዷታል። ስፔድ አልቆብኝ ሌላ ካርታ ስጥል "ስፔድ የለህም ወይ?" ይላሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ግን "አእምሮ የለህም ወይ?" የሚለውን እሰማለሁ። ሰምና ወርቅ ከሞት በኋላም ይቀጥላል።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያለው ነገር የአስከሬን ምርመራ ይባላል፤ ስሙ ከውጭ እንደወረደ ነው። በሌላ ካርታ ጨዋታ የተሸነፈ ሰው "ካርታ አልመጣልኝም" ብሎ ይገላገላል። በውድድር ብሪጅ ግን ያው የአንተ ካርታ በሌሎች ጠረጴዛዎችም ይዞራል፤ በመጨረሻ ያው እጅ በየጠረጴዛው ስንት እንዳመጣ ወረቀቱ ያሳይሃል። ዕድል ከተጠያቂነት ነጻ ወጣ ማለት ነው። ከዕድል ቀጥሎ ያለው ተጠርጣሪ ደግሞ ፊት ለፊትህ ተቀምጧል። አጋርን ጠረጴዛ ላይ መውቀስ ነውር ስለሆነ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ትንፍሽ አይሉም። ደረጃው ላይ ግን ሕግ የለም። 52 ካርታ ለአራት ሰው ሊታደል የሚችልበት መንገድ 53,644,737,765,488,792,839,237,440,000 ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጋሼ ስንወርድ የሚያነሱት አንዱን ነው፤ እኔ ያበላሸሁትን።

"አንተ ልጅ፣ ንጉሡን ለማን አስቀርተህ ነው?"

አልመልስም። በ1929 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆን ቤኔት የተባለ ሰው በአራት ስፔድ ውል ወደቀና ከሚስቱ ከሚርትል ጋር ተጨቃጨቀ፤ በጥፊ መታት። እሷም ሽጉጥ አምጥታ ገደለችው። በ1931 ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታት። የብሪጅ ሰዎች ስለ ሽጉጡ ብዙ አላወሩም፤ ክርክራቸው ውሉ በደንብ ቢጫወት ይሞላ ነበር ወይ የሚለው ላይ ነበር። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ለምን እንደነገሩኝ አልጠየቅኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደረጃውን ስንወርድ ከኋላ ነው የምሄደው።

ባለፈው ውድድር የመጨረሻው እጅ ላይ ተራው ተገለበጠ። ውሉን የያዙት ጋሼ፣ ዱሚው እኔ። በጨረታው ትንሽ አጋንኜ ነበር፤ ሁለት ነጥብ ይሆናል፣ ሦስትም ይሆናል። ካርታዬን ዓይነት ዓይነቱን ለይቼ ዘረጋሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ እየቆጠሩ ነው። ሴትዮዋ ዛሬም በቀኜ ናቸው።

"አመሰግናለሁ" አሉ ጋሼ፤ "ግ"ን ከሚገባት በላይ አጥብቀዋት።

ይህ እኮ አጽንዖት ነው! ሴትዮዋ ቀና ብለው ፈገግ አሉ፤ ውሉ እንደማይሞላ ሰምተዋል። እጄን አንስቼ ዳኛ ልጠራ ስል ትዝ አለኝ፤ ለካ እኔ ሟቹ ነኝ።