የሰማህ፣ ሳታነብ አሰማ!

ድሮ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል፤ ጎሳሚው ቢያንስ አዋጁን ማን እንዳወጣው ያውቅ ነበር። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሼር አድራጊ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ገና ከአራተኛ ፎቅ ሳይወርድ የብሎኩን ግሩፕ በሦስት ቀይ መብራትና በአንድ «ሰበር» ቀስቅሶታል። እጁ ይባረክ!

ሊንክ መክፈት የሥራ ፈት ነገር ነው። ጀግናው ጥቅል የገዛው ለቲክቶክ እንጂ ለዜና አይደለም። ርዕሱ ብቅ እስኪል ይታገሥና ስክሪንሾት ያነሳል። ከዚያ መቁረጥ ነው፤ ከላይ የገጹ ስም ይሄዳል፣ ከታች ቀኑ ይሄዳል። የሚተርፈው አንድ ርዕስና ግማሽ ፊት ነው። ያ ስክሪንሾት እንደገና ስክሪንሾት እየተነሳ አራት ስልክ ሲዞር ፊደሉ ይደበዝዛል። ይደብዝዝ! የደበዘዘ ነገር ከውስጥ አዋቂ የወጣ ይመስላላ።

ዋትስአፕ ይህን ትጋት ለማሰናከል ያልሞከረው የለም። በ2018 «ፎርዋርድ የተደረገ» የሚል ምልክት ለጠፈ፤ በ2019 በአንዴ ከ5 ቦታ በላይ መላክን ከለከለ፤ በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረ መልእክት በአንዴ ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲሄድ አሰረው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ለምን እንዳልን ቆይቶ ይገባችኋል።) ዕዳው ገብስ ነው። ምልክቱም ቆጠራውም የሚሠራው በማስተላለፊያው ቁልፍ ለሄደ ብቻ ነው። ጽሑፉን ጫን፣ ኮፒ፣ ፔስት፤ አለቀ። የማንም ያልነበረው ወሬ የጀግናው ትኩስ ድርሰት ሆኖ ይወለዳል።

በነገራችን ላይ ትዊተር መጀመሪያ ይህ ቁልፍ አልነበረውም። የሰው ጽሑፍ ማጋራት የፈለገ ኮፒ አድርጎ ከፊቱ «አርቲ» (የ«ሪትዊት» ምሕጻር) ብሎ በእጁ ይጽፋል፤ እግረ መንገዱንም ሳይወድ በግዱ ያነባል። በ2009 ቁልፉ መጣና ሁሉም ተገላገለ። ከሠሪዎቹ አንዱ ክሪስ ዌዘረል ከዓመታት በኋላ ነገሩን ለ4 ዓመት ሕፃን ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከመስጠት ጋር አመሳስሎ ተጸጽቷል። ቱሉ ዲምቱን ስላላየ ነው። እዚህ ኮፒ እያደረጉም አለማንበብ ይቻላል።

ከሁሉ የላቀው ጥበብ ግን የዘመን አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 2017 ላይ ጎርፍ መኪና ሲወስድ የሚያሳይ ፎቶ ይለጠፋል። ጥግ ላይ «2017» ይላል። ውሸት የለውም፤ ችግሩ የፈረንጆቹ 2017 መሆኑ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ጎርፍ፣ ያውም የሌላ አገር፣ በእኛ ክረምት እንደ አዲስ ይፈሳል። አንድ ክፉ ጎረቤት ፎቶውን ጎግል ምስል ፍለጋ ውስጥ ከትቶ የቆየ መሆኑን ቢያሳይ፣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እኔ እንደደረሰኝ ነው የላክሁት።» የተላከው አይጠፋም፤ ማስተባበያም አይጻፍም። ማስተባበያን ማን ሼር ያደርጋል?

ታማኝነቱም ልብ ይነካል። ዋትስአፕ አንድ ሰሞን የምር ያስከፍል ነበር፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በዓመት 99 ሳንቲም የአሜሪካ፣ ያንንም በ2016 በፈረንጅ ተወው። «ዋትስአፕ ሊከፈልበት ነው፣ ለ10 ሰው ካልላክህ ይዘጋብሃል» የሚለው መልእክት ግን ዛሬም አልተወንም። ከነዚህ መልእክቶች አንዱ ጂም ባልሳሚክ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ፈርሞበታል። የዋትስአፕ ሥራ አስኪያጅ በወቅቱ ያን ኩም ነበር፤ ባልሳሚክ የኮምጣጤ ስም ነው። ለሰላጣ እንጂ ለድርጅት የማይሆን ስም አሥር አሥር እየተባዛ ዓለምን ዞረ።

ባለፈው ማክሰኞም ግሩፑ ደምቆ ነበር። በሁለት «ሰበር» መሐል የብሎኩ ኮሚቴ አንዲት መስመር ጣል አደረገ፦ «ውሃ ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ይለቀቃል፣ እስከ 11 ብቻ።» ቀይ መብራት የላትም፣ ሰበር አትልም፣ የምትከፈት ሊንክም የላትም። ማንም ሼር አላደረጋት። ጠዋት ጀግናው ባዶ ጄሪካኑን ይዞ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ በሌላኛው እጁ «ሰበር፦ ቱሉ ዲምቱ ውሃ ጠፋ» ብሎ ጻፈ።