ካዝናው ላይ የተጻፈው 24 የማን ጠመንጃ ነው?

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ ለጥበቃዎቻችን የጠመንጃ ካዝና እንዲገዛ ወሰነ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለነው። ካዝናው እንዲገዛ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፌበታለሁ። ያናደደኝ መጠኑ የተመረጠበት መንገድ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ምክንያት አንድ መስመር ብቻ ናት፦ «ያሉን መሣሪያዎች 22 ናቸው፤ ካዝናው 24 ይይዛል፤ ስለዚህ ይበቃል።»

አይበቃም። ግማሹን ከያዘ ጥሩ ነው።

ይህንን ስናገር አንድ የኮሚቴ አባል ምን አለኝ? «ቁጥሩን የጻፈው እኮ ፋብሪካው ነው። አንተ ከፋብሪካው ልትበልጥ ነው?» ስለ እኛ ጠመንጃ ከሆነ አዎ፣ እበልጣለሁ። ፋብሪካው የእኛን ጠመንጃ አይቶት አያውቅም። ቁጥሩን የጻፈው ካዝናውን ለመሸጥ ነው። አምራቾች ሁሉ የሚመሩበት የጋራ መለኪያ የለም። አንዱ 24 ብሎ የሚሸጠውን ስፋት ሌላው 18 ሊለው ይችላል። የሚቆጣጠረውም የለም።

ታዲያ 24 ከየት መጣ? ከአፈሙዝ ማስደገፊያው ነው። ካዝናው ውስጥ በሁለቱ ጎንና በኋላው በኩል ጥርስ ጥርስ ያለው ማስደገፊያ አለ። እያንዳንዱ ጥርስ አንድ ጠመንጃ ተብሎ ይቆጠራል። እነሱ የቆጠሩት አፈሙዝ ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ወፍራሙን ሰደፍ የቆጠረ የለም። አፈሙዝ ደግሞ ቀጭን ነው፣ የትም ይገባል። ቁጥሩ የታሰበለት ጠመንጃ ቀጥ ያለ፣ ማንገቻ የሌለው፣ መነጽር ያልተገጠመለት፣ ማቀባበያው ወደ ጎን የማይወጣ ጠመንጃ ነው። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ጎጃም ውስጥ ማን ይዞት ይሄዳል?

እንዲያውም ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አልነበረብኝም። ቡሬ ገበያ ሂዱ። አንድ ጆንያ ውሰዱና ጤፍ ሙሉበት። ኩንታል ይሆናል፣ አህያው ላይ ለመጫን ሁለት ሰው ይጋገዛል። ያንኑ ጆንያ ገልብጡና ዛላ በርበሬ ሙሉበት። እስኪወጠር ድረስ ጠቅጥቁት። ሚዛን ላይ ስታወጡት ኩንታሉ አጠገብ አይደርስም። ጆንያው ያው ነው፤ የተለወጠው የገባበት ነው። ስለዚህ የቡሬ ነጋዴ «ጆንያው ስንት ይይዛል?» ብሎ አይጀምርም። «ምን ልትጭንበት ነው?» ይላል። እናቴ እህል በቁና በሚሰፈርበት ጊዜ የሰፋሪውን እጅ ነበር የምታየው። ቁናውን እየነቀነቀ የሚሰፍር ሰው ብዙ ያስገባበታል። ሳይነቀንቅ የሚሰፍር ያጎድላል። ቁናው ግን አንድ ነው። ፋብሪካው ነቅንቆ፣ ጠቅጥቆ፣ በእጁ ደልድሎ ነው 24 ያለው። መደርደሪያውን አውጥቶ ቆጥሯል። በሩ ላይ ያለውን ማንጠልጠያም የሚጨምር አለ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ገበያ ላይ የምትጠይቀውን ጥያቄ በዲግሪ የተሞላ ኮሚቴ ሳይጠይቅ ፈረመ። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ለካሁት። የካዝናው መግለጫ የውጩን ስፋት 75 ሴንቲ ሜትር ይላል። የውስጡ 64 ነው። ቀሪው የት ሄደ? እሳት መከላከያው በላው። ግድግዳው ውስጥ የጂፕሰም ሰሌዳ ተደርቦ ይገባል። በየጎኑ ሦስት ድርብ ከሆነ የሁለቱ ጎን ድምር 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ ብረቱና ምንጣፉ አለ። ጥልቀቱም በሩ ከተቀነሰ በኋላ 40 ነው። እንግዲህ ማስደገፊያው አንድ ጎን 40፣ ኋላ 64፣ ሌላው ጎን 40፤ ድምሩ 144። ለ24 አካፍሉት። ለአንድ ጠመንጃ 6 ሴንቲ ሜትር። አራት ጣት እንኳ አይሞላም።

ከዚያ የመጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሠራሁት። 64 በ40። የጥበቃ ኃላፊያችን፣ አንቱ የምንላቸው የድሮ ወታደር፣ ጠመንጃዎቹን ጥይታቸውን አስወጥተው፣ ካርታቸውን፣ ማለትም የጥይት መያዣቸውን፣ አስነቅለው አንድ በአንድ አቀበሉኝ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ያለ ችግር ቆሙ። ሁሉም ባለ ሰደፍ ክላሽ ነበሩ። ከዚያ ማዕዘኑ ጋ ደረስን። ከጎን የመጣው ሰደፍና ከኋላ የመጣው ሰደፍ አንድ ቦታ ላይ ተጋጩ። ማዕዘን ላይ ለሁለት አፈሙዝ ቦታ አለ፤ ለሁለት ሰደፍ ግን የለም። ሰደፋቸው ታጣፊ የሆኑት ሲመጡ ባሰ። የታጠፈው ብረት በጎን ይወጣል፤ ማንገቻው የጎረቤቱ ማቀባበያ ላይ ይጠመጠማል። አንዱን ስትስብ ሦስቱ ይከተሉሃል። አሥራ ሦስተኛው ላይ ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ካስገባህ ማታ ማን ሊያወጣው ነው?» አሉኝ።

ርዝመቱም አለ። ክላሽ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲሞኖቭ 1 ሜትር ከ2 ይሆናል። ቤት ውስጥ ከአያት የወረሰው ውጅግራ ያለው ሰው ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ይቁጠር። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ጠመንጃ ነው፣ ለዛሬ ካዝና ተብሎ አልተሠራም። መደርደሪያ ከላይ ካስገባህ አይቆምም። መደርደሪያ ከሌለ ደግሞ ካርታው፣ ጥይቱ፣ ሽጉጡና የርክክብ መዝገቡ የት ይቀመጣል? ግማሹን ለመደርደሪያ ስትሰጥ የጠመንጃው ቦታም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መግለጫው ላይ ይህ በትንንሽ ፊደል እንኳ የለም።

«ትንሽ ቢጨናነቅ ምን ይላል?» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ተረኛ ሲቀያየር አይተው አያውቁም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጨለማው ሲወርድ፣ ኋላ ያለውን ለማውጣት ፊት ያሉትን አራቱን ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው። አራቱ የት ይቆማሉ? ግድግዳ ተደግፈው። ነገ ደግሞ ጥበቃዎቹ ሰልችቷቸው እዚያው ይተዉዋቸዋል። ያልገቡት ዘጠኙ ደግሞ ከመጀመሪያው ከጥበቃ ቤቱ በር ኋላ ነው የሚያድሩት። ሻይ የምታፈላልን እህት ልጇን ይዛ የምትገባው በዚያው በር ነው። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። በሩን እየገፋ መደበቅ ይወዳል። እኔ ሁለት ዓመት ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ልጅ ነው፤ ቆንጆ ብረት ቢሮ ውስጥ እንዲቆምልኝ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ስለ ፈቃዱና ስለ ምዝገባው ብዙ ተወርቷል። ጠመንጃው ማታ የት ያድራል የሚለውን ግን ስብሰባ ላይ የሚያነሣ ሰው አላየሁም።

ትልቁ ይወደዳል አሉ። ይወደዳል፣ አልክድም። ግን ዋጋውን ለ24 ሳይሆን ለ13 አካፍሉት፤ ርካሽ ያላችሁት የቱ እንደሆነ ይታያል። ለተረፉት ዘጠኙ ሌላ ካዝና ልትገዙ ነው። ካዝና ደግሞ እንደ ወንበር አይቀየርም። ክብደቱ በመቶ ኪሎዎች ነው። ወለል ላይ በብሎን ይታሰራል። አንዴ ከገባ ገባ ነው።

የምለው ቀላል ነው። ሻጩን የውስጡን ልክ ጠይቁት፣ የውጩን አትስሙት። ረጅሙን ጠመንጃችሁን ለኩ። ወፍራሙንም ለኩ፣ ማንገቻውና ማቀባበያው ሳይቀር። ከዚያ የተጻፈውን ቁጥር ለሁለት ክፈሉት። 22 ጠመንጃ ያለው ሰው 44 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ይፈልግ፤ ወይም ሁለት ካዝና ይግዛ። ቤቱ ሦስት ጠመንጃ ያለው ገበሬም «6» የሚለውን ይያዝ።

ክፍያው ገና አልተፈጸመም። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ድጋሚ ይቀመጣል። የጠመኔው ሥዕል መጋዘኑ ወለል ላይ እንዳለ ነው፣ እንዳይጠረግ አስጠንቅቄያለሁ። ስብሰባው እዚያው ቆመን ይሁንልን ብዬ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ጋሼም ጠመንጃዎቹን ሊያወጡልን ተስማምተዋል። አሥራ አራተኛውን የኮሚቴው ሰብሳቢ በእጃቸው ያስገቡት።