«የ15 ቀን ዕረፍት»፤ ከዚያስ?

አንድ የመጋዘን ጫኝ ወገቡን አሞት ሐኪም ቤት ሲሄድ ይዞት የሚመለሰው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «በሕመም ምክንያት የ15 ቀን ዕረፍት ተሰጥቶታል»፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም። ወረቀቱ ለሰው ሀብት ክፍል ይሰጣል፣ ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ ቀኑ ይቆጠራል። በ16ኛው ቀን ሰውየው ወደዚያው መጋዘንና ወደዚያው የ50 ኪሎ ጆንያ ይመለሳል፤ ካልሆነም ሁለተኛ ወረቀት ይዞ ይመጣል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል፣ ሥራው ላይ ምን ቢስተካከል መመለስ እንደሚችል የጠየቀው የለም።

ሕጋችን ቀን መቁጠሩን ያውቅበታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ ከሆነ ስሌቱ ይለያል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ጆንያ ሲያነሳ ወገቡ «ቀጭ» ያለበት ሰው ያንኑ ዕለት በጽሑፍ ማስመዝገብ አለበት፤ ከሳምንት በኋላ ቢናገር ነገሩ «ሕመም» ተብሎ የመታለፉ ዕድል ሰፊ ነው።

የግማሹ ክፍያ የሚያመጣውን መዘዝ ማየት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ወር ደመወዙ ለሁለት ሲከፈል የቤት ኪራዩና የልጆቹ ወጪ ባለበት ነው። ያልዳነ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይገባል፣ ሙሉ ሸክም ይሸከማል፣ ያገረሽበታል። ጤናው ግዴታውን ለዘለቄታው ለመወጣት የማያስችለው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አዋጁ አሠሪው በማስጠንቀቂያ እንዲያሰናብተው ይፈቅዳል። በመጀመሪያው የሐኪም ወረቀትና በስንብቱ ደብዳቤ መካከል ያለውን ጊዜ ግን ሕጉ ባዶ ትቶታል። የብዙ ሰው እንጀራ የሚቋረጠውም እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ዕረፍቱ ራሱ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ከተፈተነ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት ድንገተኛ የወገብ ሕመም የያዛቸው 186 የሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፣ ሌላው የጀርባ እንቅስቃሴ ሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የዕለት ኑሮውን ቀጠለ። በፍጥነት ያገገመው ሦስተኛው ነው፤ ቀስ ብሎ ያገገመው የተኛው። (ይህ ለተራ የወገብ ሕመም ነው። እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።)

ታዲያ «ኑሮህን ቀጥል» ማለት «ጆንያህን ተሸከም» ማለት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሸክም ስሌት መነሻው 23 ኪሎ ነው፤ ያውም ሸክሙ ሰውነት አጠገብ፣ በወገብ ከፍታ፣ ምቹ መያዣ ኖሮት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲነሣ። ሸክሙ ከሰውነት 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ያ 23 ኪሎ ወደ 11.5 ይወርዳል። የእኛ ሲሚንቶና ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው፤ በእህል በረንዳ አንድ ኩንታል በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወጣል። ጤነኛውን ወገብ የሚጎዳ ሥራ የታመመውን እንዴት ሊመልሰው ይችላል?

ሥራውን መንካት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በካናዳ ኩቤክ፣ በሼርብሩክ፣ ዶክተር ፓትሪክ ሉዋዜልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በወገብ ሕመም ከአራት ሳምንት በላይ ከሥራ የቀሩ ሠራተኞችን ተከታትለዋል። ሕክምናውና የሥራ ቦታ ማስተካከያው አንድ ላይ የተሰጣቸው ወደ መደበኛ ሥራቸው የተመለሱበት ፍጥነት የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 2.4 እጥፍ ነበር። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ሕመማቸው ሥር በሰደደ 134 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ አካሄድ ተሞክሮ፣ በዘላቂነት ወደ ሥራ ለመመለስ የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 88 ቀን ሆነ፤ በተለመደው ሕክምና 208 ቀን ነበር።

የሥራ ቦታ ማስተካከያው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ዋናው ነገር አንድ ስብሰባ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ሥራው ቦታ ላይ። ሠራተኛው ለብቻው በጣም የሚከብዱትን ሦስት ወይም አራት እንቅስቃሴዎች ይጽፋል፤ የፈረቃ ኃላፊውም ለብቻው ይጽፋል። ሁለቱ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ኃላፊው «ክብደቱ ነው» ሲል ሠራተኛው «ክብደቱን እችለዋለሁ፤ የሚገድለኝ ከመሬት ማንሳቱና ዞሬ ማስቀመጤ ነው» ይላል። ያኔ መፍትሔው ቅርብ ይሆናል፦ የታችኛውን ረድፍ በሁለት ባዶ ፓሌት (የዕቃ ማስቀመጫ የእንጨት ርብራብ) ከፍ ማድረግ፣ ሳይዞር በእግሩ እንዲራመድ ቦታ መተው፣ የእጅ ጋሪ፣ ከትከሻ በላይ ያለውን ረድፍ ለጊዜው ለሌላ ሰው መስጠት። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ወይም የደኅንነት ኮሚቴው አባል መሃል ሆኖ የተስማሙበትን ይጽፋል፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ስልክ፣ ለመቆጣጠር ሳይሆን «እንዴት ነህ፣ ምን እናድርግልህ» ለማለት። በሁለተኛው ሳምንት የሥራው ዝርዝር በአንድ ገጽ ለሐኪሙ ይላክ፤ ስንት ኪሎ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ፣ ቆሞ ወይስ ተቀምጦ። ሐኪሙ መጋዘኑን አይቶት አያውቅም፤ ሳያውቅ ሲጽፍ ደግሞ ቀን ማብዛቱ አይቀርም። በአራተኛው ሳምንት ስብሰባው። ከዚያ መመለሱ በደረጃ፤ ለምሳሌ ሁለት ሳምንት በቀን 4 ሰዓት፣ ሁለት ሳምንት 6 ሰዓት፣ ከዚያ 8። በኔዘርላንድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለው በጊዜ የተቆረጠ ክትትል በሕግ የተገደደ ነው፤ በ6ኛው ሳምንት የችግሩ ትንተና፣ በ8ኛው ሳምንት የጋራ ዕቅድ ይጻፋል፣ አሠሪውም እስከ ሁለት ዓመት ቢያንስ የደመወዙን 70 በመቶ ይከፍላል። ያን ያህል ክፍያ ለእኛ ሩቅ ነው። የ6ኛው ሳምንት ጥያቄ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

«ቀላል ሥራ» የሚባለው ብዙ ቦታ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። ማብቂያ ቀን ስለሌለው ሰውየው በር ላይ ተቀምጦ ይረሳል። የምርት ማበረታቻው ስለሚቀርበት እሱ ራሱ አይፈልገውም። ባልደረቦቹም ሸክሙ ወደነሱ መዞሩን እንጂ ምክንያቱን ስለማያውቁ ያኮርፋሉ። ቀን ይቆረጥለት፤ ማበረታቻው ካለፉት ሦስት ወራት አማካይ ይታሰብለት፤ ለቡድኑም ዝግጅቱ ይነገረው። የሕመሙ ስም ግን አይነገር። አሠሪው ማወቅ ያለበት «ከ10 ኪሎ በላይ አያንሳ፣ በየሰዓቱ ይቁም» የሚለውን ነው። ሳንባ ነቀርሳ ይሁን፣ ኤችአይቪ ይሁን፣ የአእምሮ ሕመም ይሁን የሐኪሙና የታካሚው ጉዳይ ነው። ምስጢሩ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፣ የሚመጣውም መቆም ሲያቅተው ነው።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አዋጁ ዝቅተኛውን ያስቀምጣል፤ ከዚያ የተሻለውን ማኅበርና አሠሪ በኅብረት ስምምነት መጻፍ ይችላሉ። በሚቀጥለው ድርድር ላይ ከደመወዝ ጭማሪው ጎን እነዚህ መስመሮች ይቅረቡ፦ «ከአራት ሳምንት በላይ በሕመም የቀረ ሠራተኛ ጉዳይ በሥራ ቦታው ላይ በጋራ ይታያል። በከፊል ሰዓት ሲመለስ ያልሠራበት ሰዓት ብቻ ከሕመም ፈቃዱ ይታሰባል። ይህ ሳይሞከር በጤና ምክንያት የስንብት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።»