ሬቲና ላይ ያለው ሽፋን የዓይን ሞራ አይደለም

ሰሞኑን «ሬቲናህ ላይ ስስ ሽፋን አለ ከተባልክ ያው ሞራ ነው፤ ሞራው ሲገፈፍ አብሮ ይነሳል» የሚል ምክር ሲዘዋወር አየሁ። በቅንነት እንደተባለ ይገባኛል፤ ሞራንም ስንገልጽ «ሽፋን» ስለምንል መምታታቱ አይገርምም። ግን ትክክል አይደለም።

ሞራ ከብሌኑ ጀርባ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ይሄኛው ግን ዓይን ውስጥ በስተጀርባ፣ ብርሃን በሚቀበለው ንጣፍ ማለትም ሬቲና ላይ የሚበቅል ጠባሳ መሰል ስስ ሽፋን ነው። ሲኮማተር ሬቲናውን ይጨመድደዋል። ሞራ እይታን ያደበዝዛል፤ ይሄ ደግሞ ቀጥ ያለውን ነገር ያጣምማል። አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ የበሩን መቃን እዩት፣ ከዚያ በሌላው ዓይን ድገሙት። በአንዱ ከተወላገደባችሁ ሳትቆዩ ለዓይን ሐኪም ንገሩ። ቁርጡን የሚያሳየው ኦሲቲ የሚባለው የሬቲና ምርመራ ነው። አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስህተቱ ሰው ይጎዳል። ሞራውን ብቻ ያስገፈፈ ሰው መጣመሙ ሳይለቀው ሲቀር «ኦፕራሲዮኑ ተበላሸብኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ሽፋን የሚነሳው በሌላ ቀዶ ጥገና ነው፤ ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ይወጣና ሽፋኑ በረቂቅ መቆንጠጫ ይላጣል። ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፤ እይታው ብዙም ካላስቸገረ ክትትል ይበቃል። ከተሠራም በኋላ መሻሻሉ ወራት ይወስዳል፣ መጣመሙም ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል።

ለሞራ ቀጠሮ ይዛችሁ መስመር የሚጣመምባችሁ ካላችሁ፣ ቀኑ ሳይደርስ «ሬቲናዬስ በኦሲቲ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።