ርካሽ ነን እያልን ስንት ዓመት?

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሸዋበር ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ «እንደኛ ርካሽ ጉልበት ያለው ማን አለ? የመኪና መገጣጠሚያው ሁሉ ኮምቦልቻ መምጣት ነበረበት» አለኝ። ወገን፣ ይሄን ወሬ ብንተወው ይሻላል።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ መኪና መገጣጠም ሲጀምር ርካሽ ሠራተኛ ፍለጋ አልነበረም የሄደው። ገዢው እዚያ ነበር። በዚያ ላይ የጃፓን መኪና እንዳይበዛ ገደብ መጥቶ ነበር፤ በር ላይ ከመቆም ውስጥ ገብቶ መሥራት ይሻላል። እኛ አገር መገጣጠሚያ የሚከፈተውም በአብዛኛው በቀረጥ ምክንያት ነው፤ ሙሉ መኪና ከሚገባ ተፈታትቶ ቢገባ ቀረጡ ይቀላል። ተፈታትቶ የመጣ መኪና ደግሞ ሣጥን በሣጥን ነው። አንዱ ሣጥን ከቀረ፣ የበር ማጠፊያ ብቻ የያዘው እንኳ ቢሆን፣ ሥራው ይቆምና ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ደመወዝ ይቆጥራል። ስለዚህ ባለፋብሪካው ሰው በስንት ብር እንደሚሠራ ከመጠየቁ በፊት ኮንቴነሩ ከጅቡቲ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ በሚቀጥለው ወርም በዚያው ቀን ይደርስ እንደሆነ ይጠይቃል።

ኮምቦልቻ ለጅቡቲ ቅርብ ናት፣ ደረቅ ወደብም አላት። ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር በ2007 ተጀምሮ እስካሁን መደበኛ አገልግሎት አልሰጠም። እኛ ሐዲዱን እያየን፣ ጭነቱ በባቲ ቁልቁለት ፍሬን እያስሸተተ ይመላለሳል። (ያን መንገድ የነዳ ያውቀዋል።)

የኢንዱስትሪ ፓርኩስ? ሐምሌ 2009 ተመረቀ። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን፣ ልብሳችን ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። ደመወዙ እኮ በማግስቱም ያው ርካሽ ነበር። ምን ረባ?

ርካሹም ቢሆን ርካሽ አይደለም። ከወረባቦ የመጣች ልጅ ለሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ኪራዩ ሲጨምርባት ትታው ወይ ወደ ቤቷ ወይ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ ስፌት ያስተማራት አለቃ ደግሞ ሌላዋን ከሀሁ ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ወጪ ነው፣ የደመወዝ ሠንጠረዡ ላይ ግን አይታይም።

እኔ ብሆን ለባለሀብት ከምናድለው ወረቀት ላይ «ርካሽ ጉልበት» የሚለውን ሰርዤ የባቡሩን መነሻ ሰዓት እጽፍበት ነበር። መጀመሪያ ግን ባቡሩ ይነሳ።