ጎማ ያለው «ባቡር»

እማዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የባቡር ፉጨት እየሰማች ያደገች ናት። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም ባልተቆረቆረች። እንግዲህ ይህቺን ሴት፣ ደቡብ ፈረንሳይ ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ የቱሪስት «ባቡር» ላይ አሳፈርኳት።

ለማያውቀው፦ ነገሩ ፊቱ የድሮ የከሰል ባቡር እንዲመስል የተሠራ፣ የውሸት ጭስ ማውጫ የተተከለበት የናፍጣ መኪና ነው። ከኋላው ሦስት ፉርጎ ይጎትታል። ሐዲድ ስለሌለው እንደ ማንኛውም መኪና ትራፊክ መብራት ላይ ይገተራል፤ ደግሞ ይንቀረፈፋል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ይለቅብናል። ለሁለታችን ከ20 ዩሮ በላይ ከፍዬ የሾፌር እርግማን ገዛሁ!

ማብራሪያው በጆሮ ማዳመጫ ነው። የቋንቋ መምረጫውን ብጫነው ብጫነው ከጀርመንኛ ንቅንቅ አልል አለ። (አማርኛማ አልጠበቅኩም፤ ፈረንሳይኛ እንኳን ይጥፋ?) ድንጋይ ንጣፉ አቀበት ላይ ስንደርስ ደግሞ መንገጫገጩ! ወገቧን ታማለች እኮ። አናት ላይ ለፎቶ የተሰጠን 10 ደቂቃ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ አለቀ። ባሕሩን ያየሁት ከሰው ትከሻ በላይ ነው።

ስንወርድ እማዬ ጎንበስ ብላ ጎማውን አየችው።

«ለእኛ ያን ሁሉ ሐዲድ ዘርግተው ለራሳቸው አልተረፋቸውም እንዴ?»

«እማዬ፣ ለመዝናኛ ነው እኮ።»

«ይሄማ ተቀጣጥሎ የሚሄድ ባጃጅ ነው፤ ባጃጅ እንኳን ያልኩት ቦታ ያወርደኛል።»